“እጄ ነጽቷል?” ተብላችሁ ስትጠየቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አእምሮ ጤና በሚወጡ ጽሑፎች ድብርትና ሱስ ተደጋግመው ይነሳሉ። ኦሲዲ፣ ማለትም ሳይፈልጉት የሚመላለስ ሐሳብና እሱን ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ያለበት የአእምሮ ሕመም፣ ግን ከተጠቀሰም ለቀልድ ነው፤ ቤቷን አብዝታ የምትወለውል ሴት “ኦሲዲ አለባት” ይባልላታል። ሕመሙ ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን በዕድሜው አንድ ወቅት የሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምርና ሕክምና ያለው ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው ከታማሚው ይልቅ አብሮት ለሚኖረው ቤተሰብ ነው፤ ሕመሙን ሳያውቅ የሚቀልበው እሱ ነውና።

አንድ ሐሳብ ሳይጠሩት ይመጣል፦ “እጄ ላይ በሽታ አለ”፣ “ሲሊንደሩን አልዘጋሁትም”፣ “ሕፃኑን በቢላ ብወጋውስ”፤ ወይም በጸሎት መካከል ስድብ። እንዲህ ያለው ሐሳብ በጤነኛም ሰው አእምሮ ውልብ ይላል፤ እሱ ግን ንቆ ያልፈዋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጥረዋል። ጭንቀቱን ለማብረድም ይታጠባል፣ ይፈትሻል፣ ይቆጥራል፣ ሰው ይጠይቃል። ለጥቂት ደቂቃ ይቀለዋል። ጣጣው ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ አእምሮው “የዳንኩት ስለታጠብኩ ነው” ብሎ ይማርና በሚቀጥለው አብልጦ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ይበቃ የነበረው አሥር ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሳምንቱ ጀሪካን በአንድ ቀን ያልቃል። ሐሳቡና ድርጊቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰዱ፣ ወይም ሥራና ትምህርት ካስተጓጎሉ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

“እማዬ፣ እጄ ነጽቷል?” ለሚል ልጅ “ነጽቷል የኔ ልጅ” ብሎ መመለስ ከመታጠቡ በምንም አይለይም፤ ማረጋገጫው ለአፍታ ያሳርፈዋል፣ ጥያቄው ግን ተመልሶ ይመጣል። በሩን እሱን ወክሎ መቆለፍ፣ እንግዳ እንዳይገባ መከልከል፣ ልብሱን ለብቻ ማጠብም እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ቀን መቁረጥ ጠብ ያመጣል። ልጁ በረጋበት ሰዓት አስቀምጣችሁ ተስማሙ፤ ለምሳሌ በዚህ ሳምንት በቀን አምስት ጥያቄ ብቻ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ሦስት፣ ከዚያ አንድ። ከዚያ በላይ ሲጠይቅ፣ “ይሄን የሚጠይቀው ሕመሙ ነው፤ አልመልስልህም፣ ግን አብሬህ እቀመጣለሁ” በሉት። ቁጣም ሆነ ስብከት አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው መብዛቱ አይቀርም። በዚያ ሰዓት ከተሸነፋችሁ አጥብቆ መጠየቅ እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው።

ዋናው የንግግር ሕክምናም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። በለንደን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው ዘዴ ታማሚውን ከሚፈራው ነገር ጋር በፈቃዱ አገናኝቶ፣ የለመደውን ድርጊት እንዳይፈጽም ማገዝ ነው። የሚፈሩት ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣቸዋል። የታክሲ በር እጀታ መንካት 30፣ ብር ቆጥሮ ሳይታጠቡ ትራስ መንካት 50፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጦ በዚያው ልብስ አልጋ ላይ ማረፍ 80 ሊሆን ይችላል። ከ30 እስከ 40 ባለው ተጀምሮ፣ ያው ልምምድ በየቀኑ ይደገማል፤ ቀሎ ሲታይ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እንደማንኛውም ሰው መታጠብ አይከለከልም። ከባለሙያ ጋር የሚደረገው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው፤ የቤቱ ልምምድ ከተተወ ግን ያ ሁሉ ምልልስ ብዙም አይፈይድም።

ሕክምናው የሚከሽፍበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ እጁን ሳይታጠብ በልቡ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ “ማታ እታጠባለሁ” ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ሌላው ጭንቀቱ ጫፍ ሲደርስ ጥሎ ይወጣል። ባለሙያውም “ምንም አትሆንም” እያለ ካረጋጋ ያው የእናቲቱ መልስ ነው።

ሕመሙ የእምነት መልክ ሲይዝ የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ከሐኪሙ አያንስም። የተናዘዙትን ኃጢአት “በደንብ አልተናገርኩት ይሆናል” እያሉ በየሳምንቱ መመለስ የንስሐ ጥማት አይደለም። የንስሐ አባት ቀኖናውን አንዴ ሰጥተው ያንኑ ዳግም ላለመስማት ቢወስኑ ትልቅ እርዳታ ነው። በእስልምናም ወስዋስ፣ ማለትም በአምልኮ ላይ የሚመላለስ ጥርጣሬ፣ የታወቀ ነው፤ በውዱእ ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ አይወደድም፣ እርግጠኛ የሆኑበት ነገር በጥርጣሬ አይሻርም። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጥበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር በተለይ እንዲታወቅ እንፈልጋለን። አራስ እናት ሕፃኗን የምትጎዳ እየመሰላት ከደነገጠች፣ ሐሳቡን ከጠላችና ቢላውን ከደበቀች ይህ የኦሲዲ ጠባይ ነው፤ ልጇን መንጠቅ ሕመሙን ያባብሰዋል። ድምፅ የምትሰማ፣ ለቀናት የማትተኛ፣ የተምታታባት ወይም ሕፃኑ ክፉ መንፈስ መሆኑን ያመነች ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ብቻዋን ሳትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ትወሰድ።

ስለ መድኃኒት፤ ፍሉኦክሴቲን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እስከ 60፣ ሰርትራሊን ከ50 እስከ 200 በሐኪም ክትትል ከፍ ይደረጋል። ለኦሲዲ የሚያስፈልገው መጠን ለድብርት ከሚበቃው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ውጤቱን ለመመዘንም እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት “አልሠራልኝም” ብሎ ይተወዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል፤ በወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይመጣ መከታተል ያሻል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። ሌላው መድኃኒት ክሎሚፕራሚን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለኦሲዲ የተመዘገበ ነው። በእሱ ፈንታ አሚትሪፕቲሊን ወይም ዲያዜፓም መስጠት ይህን ሕመም አያክምም።

ፀጉር መንቀል፣ ቆዳን መቧጨር፣ ዕቃ መጣል አለመቻልና መልኬ ተበላሽቷል እያሉ መስታወት ላይ መዋል የዚሁ ሕመም ዘመዶች ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። ፀጉር ለሚነቅል ሰው፣ እጁ ሽቅብ ሲሄድ አስተውሎ ጡጫውን ለአንድ ደቂቃ ያህል መጨበጥ መለማመድ ይረዳዋል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ይችላል፤ በክልል ያለ ደግሞ በአቅራቢያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መኖሩን ይጠይቅ። ከመሄዳችሁ በፊት የሦስት ቀን ማስታወሻ ያዙ፦ ሐሳቡ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚደረግለት፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ቤተሰቡም የሚያግዘው በምን እንደሆነ። ብዙ ታማሚ የሚያሳፍረውን ሐሳብ አፍ አውጥቶ መናገር ስለሚከብደው፣ ወረቀቱን ለሐኪሙ መስጠት ይበቃዋል።

ሁለት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ