የአበባ ጠረጴዛችን፦ ከቤት ሦስት ዘንግ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በየክፍሉ ስለሚዘጋጀው የአበባ ጠረጴዛ

እንደምን ሰነበታችሁ?

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየክፍሉ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጥግ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ለአበባ ትለያለች። ልጆች በየተራቸው ከቤት ሦስት ዘንግ አበባ ያመጣሉ። ተረኛው ልጅ የአበባውን ስም ለጓደኞቹ ይነግራል፣ ውሃውን ይቀይራል፣ በየቀኑ ምን እንደተለወጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ጓሮ የሌላችሁ አትጨነቁ፤ በጣሳ የበቀለ አንድ ተክል ይበቃል፤ እሱም ከሌለ ልጁ ከትምህርት ቤቱ የአበባ መደብ ይቆርጣል። አበባ ግን አትግዙ። የምንፈልገው ልጁ ሲያቆጠቁጥና ሲፈነዳ ያየውን ነው።

ሰኞ የመጣ አበባ ማክሰኞ አንገቱን ደፍቶ ሲገኝ ልጅ ያዝናል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአበባው ሳይሆን የአቆራረጡ ነው። ተክሉ ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ ስለሚያድር ዘንጉ የሚጠነክረው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ የተቆረጠ ገና ከመነሻው የጠማው ነው። ማለዳው ካልተመቻችሁ እሑድ አመሻሽ ላይ ቁረጡና በባልዲ ውሃ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ አሳድሩት። መቀሱ የተሳለ ይሁን፤ በእጅ የተቀነጠሰ ወይም በደነዘ መቀስ የተጨፈለቀ ዘንግ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዱበታል። ባልዲውን ይዛችሁ ውጡ፤ ዘንጉ በደረቁ ከቆየ አየር ይገባበትና ውሃው ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል። ማስቀመጫው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ከዕቃው ወለል ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ልቀሙ። የውሃው መሽተት የሚጀምረው እዚያ ከሚበሰብሰው ቅጠል ነው።

መቼ ይቆረጥ ለሚለው፣ አበባ ሁሉ አንድ አይደለም። ጽጌረዳ የአበባው የውጭ ቅጠሎች ላላ ማለት ሲጀምሩ ይቆረጣል፤ ጥብቅ እምቡጥ ከሆነ ሳይፈካ አንገቱን ይደፋል። ግላዲዮለስ ከታች ያሉት ሁለት ሦስት እምቡጦች ቀለማቸውን ሲያሳዩ ቢቆረጥ የቀሩት ከክፍሉ ውስጥ ተራ በተራ ይከፈታሉ፤ ለልጆች ከዚህ የተሻለ የሳምንት ትዕይንት አናውቅም። ዳሊያ በተቃራኒው ከተቆረጠ በኋላ ብዙም አይከፈትም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሊፈካ ጥቂት ሲቀረው ይወሰድ። ዚኒያን ዓይን ብቻውን አይለየውም። ከአበባው 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ዘንጉን ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ዘንጉ ጠንክሮ እንደ ዱላ ቀጥ ካለ ደርሷል፤ ራሱ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ገና ለጋ ነውና ሁለት ሦስት ቀን ታገሡት። ልጁ ራሱ ይሞክረው፤ ልዩነቱ በጣቱ ይታወቀዋል።

ለመንገድ እርጥብ ጨርቅ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጠቅልሉ፤ በላዩ ላስቲክ እሰሩ። ክፍል ውስጥ ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፣ ዕቃው በሳሙና ይታጠባል፣ ዘንጉም ትንሽ ይቆረጣል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቢጨመር ይረዳል። ስኳር ብቻውን ግን አይጨመር፤ አበባውን ከመመገቡ በፊት ባክቴሪያውን ያራባል። ሙዝና ፖም የያዘ የምሳ ዕቃም ከጠረጴዛዋ ይራቅ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ቶሎ ያጠወልጋል።

አንዳንድ አበባ ወደ ትምህርት ቤት ከቶ አይምጣ። አጠፋሪስ፣ ኦሊያንደርና ጉሎ መርዛማ ናቸው። ኦሊያንደር የቆመበት ውሃ እንኳ አደገኛ ነው። ሊሊ ስትልኩ ከመካከሉ ያሉትን ዱቄት ያዘሉ ጫፎች ቀድማችሁ ልቀሙ፤ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም። ልጃችሁ አስም ወይም የአበባ ብናኝ አለርጂ ካለበት ለክፍሉ መምህር አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ጠረጴዛዋ ዓመቱን ሙሉ ባዶ እንዳትሆን ከአሁኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ዚኒያ፣ ኮስሞስና ሱፍ ሙቀት ሲጀምር ይዘራሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመዝራት በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል፤ አለዚያ በአንድ ወር ፈክተው በአንድ ወር ያልቃሉ። ዚኒያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ በመካከሉ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቃዋል። ከተጠጋጋና ከላዩ ውሃ ከፈሰሰበት ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይነጣል፤ ይህ የሻጋታ በሽታ ነው። ውሃ ከሥሩ አጠጡት። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን መቁረጥ ልብን ያሳሳል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው በጎንና በጎን ቅርንጫፍ የሚያወጣው። የጠወለገውንም አበባ ሳትታክቱ ልቀሙ፤ ተክል ዘር ከቋጠረ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ማበቡን ይቀንሳል። ቀኑ ሲያጥር ተራው የክሪሳንቲመም ነው። ሌሊቱን መብራት የሚያርፍበት ክሪሳንቲመም ግን ሌሊቱ ስለሚያጥርበት ላያብብ ይችላል፤ ማሰሮውን ወደ ጨለማው አዙሩት።

አበባ በሚጠፋበት ወቅት የደረቀ እንቀበላለን። ዘንጉን ቁልቁል ሰቅላችሁ ነፋስ በሚገባበት ጨለማ ቦታ ሦስት ሳምንት ያህል አቆዩት፤ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል። ጤዛ ያልደረቀለት አበባ ይሻግታልና አትስቀሉ።

ለዘር የምታስቀሩት አበባ እዚያው ተክሉ ላይ ቡናማ እስኪሆን ይቆይ፤ ከዚያ ደረቅ ቀን መርጣችሁ ልቀሙትና በጥላ፣ በወረቀት ላይ አንድ ሁለት ሳምንት አስጡት። በላስቲክ አትቋጥሩ፣ ያልበዋል። የወረቀት ፖስታ ከልጁ ጋር እንልካለን፤ በላዩ የአበባውን ስም፣ ቀለሙንና የተለቀመበትን ቀን ጻፉ። የዲቃላ ዝርያ ከሆነ እሱንም ጥቀሱ፤ የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ስለሚችል የወሰደው ልጅ እንዳይደናገር። ፖስታዎቹ በዓመቱ መጨረሻ በክፍሉ ውስጥ በልውውጥ ይከፋፈላሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የጓደኛውን አበባ ይዞ ይገባል።

የተራ ዝርዝሩ በየልጁ ደብተር ላይ ተለጥፏል። ሰኞ የሚመጣው ማስቀመጫ የማይሰበር ይሁን፤ ዓርብ ታጥቦ ይመለስላችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር