እሁድ ሱሉልታ ድረሺልኝ

አንቺ ልጅ እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ? አመት አለፈው አውቃለሁ። የማሚ ለቅሶ ጊዜ እንኳን በቴክስት ብቻ ነው ያለፍኩሽ፣ እሱን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፣ ይቅር በዪኝ። ታኮርፊያለሽ፣ ግን ያንቺ ኩርፊያ መቼም ከአንድ ስኒ ቡና አልፎ አያውቅም።

የጻፍኩልሽ ጨንቆኝ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ እዚህ ሰፈር በግ በላ፣ የባዘነ ውሻ ደሞ ልጅ ነከሰ፣ እና ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ስጋ በመርዝ ለውሰን እንጣል ተባለ፣ ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። እኔ ዝም አልኩ። የልጁ እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምን ልበል፣ አፌ ተሳሰረ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ባህርዛፉ ላይ የሚያድሩት ጥንብ አንሳዎች ትዝ ይሉሻል አይደል፣ ስንቆጥራቸው ሁሌ ካንቺ ያንሱብኝ ነበር (አጋነሻል፣ እስካሁን አላመንኩሽም)። ያ ቡናማው ትንሹ፣ ከሰው ተላምዶ ቄራና ቆሻሻ መጣያ የሚውለው፣ በአለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዱ ነው እኮ! የተመረዘ ውሻ ሲሞት የሚወርደው እሱ ነው፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሰማይ አይቶ ይከተለዋል፣ በአንድ ጥንብ መንጋው ያልቃል። በፈረንጆቹ 2019 ቦትስዋና ውስጥ ሶስት የተመረዙ ዝሆኖች ላይ 537 ጥንብ አንሳ ነው የሞተው። በአመት አንድ እንቁላል የምትጥል ወፍ ይሄን መቼ ትተካዋለች?

የህንዱን ያወራሽኝ አንቺ ነሽ፣ ለከብት የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ የከብቱን ጥንብ የበላውን ጥንብ አንሳ ሲፈጀው ጥንቡ ለውሻ ተርፎ ውሻው በዛ፣ በፈረንጆቹ 2006 መድሀኒቱ ለከብት ሲከለከል አብዛኛው አልቆ ነበር። እኛም መርዝ ጥለን ነገ የሚያነሳልን ስናጣ ጥንቡ ለማን ሊተርፍ ነው?

እና... እንዴት እንደምልሽ አላውቅም፣ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ስጠይቅሽ ከብዶኛል። እሁድ 8 ሰዓት ድጋሚ ስብሰባ አለ፣ መጥተሽ ንገሪልኝ። እኔን ማን ይሰማል፣ የከብት ሀኪም ስትናገር ግን ሽማግሌዎቹም ያዳምጣሉ። ከመቶ 70 ውሻ ከተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሚቆም ለልጁ እናት አንቺ አስረጃት፣ በጎቹም ማታ ጠንካራ በረት ውስጥ ይደሩ በያቸው። ለክትባቱ ብር ካስፈለገ እቁብ ወጥቶልኛል፣ ከዛ አዋጣለሁ።

ከአዲሱ ገበያ ታክሲ አለ፣ ጠዋት ከመጣሽ ቡና አፈላለሁ። ስለ ማሚም ያኔ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ያላለቀስኩት አለ።