ስለ በረቱና ስለ ሸራው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የገናን ሽንኩርት ከወዲሁ ገዝታ ጨርሳለች። ዶሮው ግን ዘንድሮ የሚቀመስ አይደለም። ሱሉልታ ብርዱ በርትቷል። ጠዋት ስወጣ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የማገኘው።

የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ሆቴላችሁ ሎቢው ላይ የሠራው የገና በረት ያምራል። መብራቱም፣ ወርቅማው ጭድም፣ ከእንጨት የተጠረበችው ላምም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳቄ ነው የመጣው። ሠሪው ከብት አሳድሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ግርግሙ አዲስ ጣውላ ነው፣ ጭራሽ ቫርኒሽ ተቀብቷል! የኛን ገንዳ ታውቂው የለ? ላሞቹ አንገታቸውን ሲፈገፍጉበትና ሲልሱት ኖረው ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ጥጋጥጉ ላይ ፉሩሽካ ደርቆ ተጣብቋል። አተላ ያደረበት ቀን ሽታውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ግርግም ማለት እሱ ነው።

ወረቀት ያነሳሁት ግን ለፎቶው ብዬ አይደለም። ባለፈው እሁድ «አባዬ፣ ጓደኞቼን ይዤ ስመጣ በረቱን በሸራ ሸፍነው» አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አልተቀየምኩሽም። እኔም በልጅነቴ አባቴ በባዶ እግሩ ገበያ ሲመጣ አይቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስለነበርኩ ፊቴን አዙሬ አልፌዋለሁ። ይሄን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

እንቅልፍ ሳጣ ሉቃስን ምዕራፍ 2 አነበብኩ። ስንት ዓመት ያነበብኩት ነው፣ ያን ሌሊት ግን አንድ ነገር ያዘኝ። መልአኩ ለእረኞቹ ምልክት ሲሰጣቸው ኮከብ አላላቸውም። ኮከቡ ለሰብአ ሰገል ነው፣ እሱም ማቴዎስ ላይ ነው ያለው። ለእረኞቹ የተሰጣቸው ምልክት ጨርቅና ግርግም ነው። ሕፃን ተጠቅልሎ በግርግም ተኝቶ ታገኛላችሁ ተባሉ። እረኛ ደግሞ ግርግም አይጠፋውም። ከሜዳ በሌሊት የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ልብሳቸው በግ በግ ይሸታል። ቤተ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ዘበኛው ገና ከሩቅ ይመልሳቸው ነበር። በረት ሲሆን ግን ማንን ያስፈቅዳሉ? እንደ ቤታቸው ዘው ብለው ገቡ። ለኔ የገና ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ጌታ እነዚያ ሰዎች ሳያፍሩ የሚገቡበት ቦታ ላይ ተኝቶ ጠበቃቸው።

ሉቃስ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ይላል። እኔ ድሮ ክፉ የሆቴል ባለቤት በሩን ዘግቶባቸው ይመስለኝ ነበር። በኋላ አንድ መምህር ሲያስተምሩ እንደሰማሁት፣ ሉቃስ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ያሳደረበትን ቤት በግሪኩ የሚጠራው በሌላ ቃል ነው። እዚህ ላይ ያለው ቃል የእንግዳ ክፍልም ይሆናል። በዚያ አገር ደግሞ ሰውና ከብት አንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የተለመደ ነበር። ይሄ ለኔ አዲስ አይደለም። ቡልጋ ያደግኩበት ቤት ጋጡ በስተግራ ነበር፣ እኛ መደቡ ላይ እንተኛለን። በታኅሣሥ ብርድ የሚያሞቀን ምድጃው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የላሞቹ ትንፋሽም ነው። ሽማግሌዎቹ እንስሳቱ ጌታን በትንፋሻቸው አሟሟቁት ሲሉ ለዚህ ነው ምንም ያልከበደኝ። ሉቃስ በሬና አህያ አልጻፈም እኮ። አባቶች «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጥ አወቀ» ከሚለው ከኢሳይያስ ነው ያመጧቸው።

ድህነቱ የአንድ ሌሊት አጋጣሚም አልነበረም። በ40ኛው ቀን ሕፃኑን ቤተ መቅደስ ሲወስዱት የቀረበው መሥዋዕት የወፎች ነው። ሕጉ የሚያዘው ጠቦት ሆኖ፣ አቅም ለሌላት እናት ነበር ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል የተፈቀደው። እመቤታችን የድሃ ስጦታ ይዛ ሰው ፊት ቆመች።

ከቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ ያለችውን ትንሿን ቤተልሔም ታስታውሻለሽ? ልጅ ሆነሽ ጭስ ሲወጣባት አይተሽ «እዚያ ማን ነው የሚኖረው?» ብለሽኛል። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርባት ናት። ስሙም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ከብት የሚበላበት ላይ የተኛው ሕፃን አድጎ «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» አለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ገንዳው ላይ ድርቆሽ ስጨምር ይሄ ትዝ ይለኛል።

ሸራውን ገዝቼዋለሁ። ቡሬ ታኅሣሥ 12 ቀን ሴት ጥጃ ወልዳለች። ጾም ስለሆነ እንገሩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠነው። በእንጦጦ በኩል ሌሊት ሌሊት ነፋስ እየገባ ጥጃዋን ሲያንቀጠቅጣት ሸራውን እዚያ ጋ ወጠርኩት። ፊት ለፊቱ ክፍት ነው። ጓደኞችሽ ማየት ከፈለጉ ቦት ጫማ ሁለት ጥንድ አለ፣ ነጭ ጫማ አድርገው እንዳይገቡ ብቻ ንገሪያቸው።

ስትመጪ የእናትሽን የጉልበት ቅባት እንዳትረሺ።

አባትሽ