አባዬ፣ ቀብድ ከመስጠትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኛ አዲስ አበባ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እማዬ የመኪናውን ነገር በስልክ አጫወተችኝ። ደላላው ትናንትም ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ «አባ፣ ዛሬ ቀብድ ካልሰጡ ነገ መኪናው የለም» ብሎህ ሄደ አለችኝ። አንተም ሌሊቱን ስትገላበጥ አደርክ። ደውዬ ብነግርህ «እሺ ልጄ፣ ገባኝ» ትለኝና ወሬው ወደ ልጆቹ ይዞራል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ለወንድሜ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ አሳትሞ ያመጣልሃል። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

መኪና አትግዛ አልልህም። ይገባሃል። ዕድሜህን ሙሉ ትምህርት ቤት የተመላለስከው በእግርህ ነው። እማዬን ለደም ግፊቷ ቀጠሮ በዚያ በጅማ ዝናብ በባጃጅ ይዘሃት ስትሄድ፣ ሸራው እያፈሰሰባችሁ እንደሆነ ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ግን ከአጋሮው ቡና በትንሽ በትንሹ ያጠራቀምከው ብር አንዴ ከእጅህ ከወጣ አይመለስም። ለዚህ ነው የምጨነቀው።

አንተ ቃልህን የምታከብር ሰው ነህ። ሰው ደጅህ ድረስ መጥቶ ፊት መንሳት አይሆንልህም። ደላላው ይህን ገና ፈረንጅ አራዳ ላይ ያገኘህ ቀን አውቆታል። ቡናውን ጠጣ፣ እማዬን «እናቴ» አላት፣ ለወንድሜ ሥራ እንደሚፈልግለት ቃል ገባ። አሁን «አልፈልግም» ብትለው ውለታ የበላህ ይመስልሃል። ምንም አልበላህም አባዬ። ቡናውን ያፈላችው እማዬ ናት፣ የጠጣው እሱ ነው።

መኪናው ውስጥ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስልኩ መጥራቱንም ሰምቻለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይ፣ አባ ቀድመውሃል፤ እሳቸው ከተዉት እደውልልሃለሁ» አለ አሉ። ይሄ በየከተማው የታወቀ ነገር ነው። የሚደውለው ብዙ ጊዜ የራሱ ባልደረባ ነው። እስቲ ረጋ ብለህ አስበው፤ በእርግጥ ጨምሮ የሚከፍል ገዢ ከተገኘ ደላላው አንተን በየቀኑ እየመጣ ምን አስለመነው? ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ካለቀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 2። ዋጋው ከፍ ሲል የእሱም ድርሻ ከፍ ይላል። ቢዘገይ፣ መካኒክ ቢያየው፣ ልጅ ቢማከር ድርሻው ሊቀር ይችላል። የሚያጣድፍህ ለዚህ ነው። ደላላ ሁሉ ሌባ ነው አልልህም። የመኪናውን ጉድለት ራሱ አስቀድሞ የሚናገር ደላላም አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ግን አያጣድፍም።

«የነዳጅ መኪና መግባት ተከልክሏል፣ ዋጋው ሰማይ ሊነካ ነው» ማለቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንደማይገባ አሳወቀ። እዚሁ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ተፈላጊ የሆነው በዚህ ነው። ግን ይሄ ሁሉ የዓመታት ነገር ነው። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብትቆይ አንተን የሚጎዳህ በምን በኩል ነው? እውነቱን ይነግርህና «ዛሬ» የምትለዋን ቃል አብሮ ያስውጥሃል።

ልጅ ሆኜ ሐሙስ ገበያ ይዘኸኝ ስትሄድ ለፋሲካ በሬ እንዴት እንደምትገዛ አይቻለሁ። ባለበሬው ሲምል ሲገዘት አንተ ፊቱን እንኳን አታየውም ነበር። ጀርባውን ትዳስሳለህ፣ ጥርሱን ትቆጥራለህ፣ ትንሽ አስኪደህ እግሩን ታያለህ። ከዚያ ዋጋህን ተናግረህ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። ባለበሬው ነበር ከኋላህ የሚጣራው። መኪናውንም እንደዚያው ግዛው። በሬ ሲሆን የማታፍረው ሰው መኪና ሲሆን ምን ያሳፍርሃል?

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። ኮሮላውን ያየኸው ሁልጊዜ ሞተሩ ሞቆ ነው፤ ደላላው አስነስቶ ያመጣልሃል። ሞተር ሲሞቅ ብዙ በሽታ ይደብቃል። አንተ መኪናው የሚያድርበት ቤት ጠዋት በማለዳ፣ ሳትነግራቸው ሂድ። መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ ይነሣ፣ አንተ ከኋላ ቆመህ ማርሚታውን ተመልከት። በማለዳ ትንሽ እንፋሎት ቢወጣ ምንም አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ክዳን ከፍተህ ውስጡን እይ፤ ወተት የመሰለ ነገር ከያዘ መካኒኮቹ የቴስታታ ጋርኒሲዮን የሚሉት የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ ብዙ ብር ነው።

ቆጣሪው 80 ሺህ ይላል ብለሃል። ቁጥሩን አትመን፣ ቆጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። የፍሬኑን ፔዳል ጎማ እየው፣ መሪውን ዳስሰው፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ ተመልከት። እነዚህ አልቀው ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ካሳየ መኪናው ከተባለው በላይ ሠርቷል። ምንጣፉንም ገልጠህ እይ፤ የጅማ ዝናብ ከሥር ላሜራውን ይበላዋል። አንዲት ትንሽ ማግኔት ኪስህ ያዝና በጨርቅ ጠቅልለህ በሮቹ ላይ ለጥፋት። የማትይዝበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ፣ መኪናው ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ጅሬን ዳገት ይውሰዱህ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ውጡ። አስፋልቱ ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሳበ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ታየዋለህ። ራዲዮውን አስጠፋ፤ ሙዚቃ የሚከፍቱት ድምፁ እንዳይሰማህ ነው።

መካኒክህን ራስህ ምረጥ። ደላላው «የማምነው ልጅ አለ» ብሎ የሚያመጣልህ መካኒክ የደላላው ነው። መንደራ የሚሠራውን የጎረቤታችንን ልጅ ውሰደው፣ የቀን ሂሳቡን እኔ እልካለሁ። ሻጩ ለመካኒክ አላሳይም ካለ ምስጋና አቅርብለትና ወደ ቤትህ ግባ። እዚያ ላይ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስለ ወረቀቱም ልንገርህ፣ እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የባለቤቱ መታወቂያ አንድ ይሁን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት አጣሩ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ በውክልና ነው የሚሸጠው ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ውክልና ሊሻር ይችላል፣ ወካዩ ከሞተም ያበቃል። ስለዚህ ውክልናው መኪና የመሸጥ ሥልጣን እንደሚሰጥና አሁንም የጸና መሆኑን ሳታረጋግጥ ንክች እንዳታደርገው። ከተቻለ ባለቤቱን በቪዲዮ አናግረው።

ቀብዱን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 እንዲህ ይላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ቀብድ ምን ያደርጋል፣ ካልተስማማዎት እመልስልዎታለሁ» ካለህ ያ በወረቀት ይጻፍ። በወረቀት አልጽፍም ካለ ወሬ ነው። ተቀባዩም ባለመኪናው ይሁን፤ በደላላው የባንክ ሂሳብ አምስት ሳንቲም እንዳታስገባ።

አንድ ሌላ ነገር። «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ክፍያ ይቀንስልናል» ይሉሃል። እሺ እንዳትል። ነገ ጠብ ቢነሣ በእጅህ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ዋጋ ነው። የቀረውን ከፍያለሁ ብትል ማን ይሰማሃል? በዚያ ላይ አንተ ውሸት ላይ ፈርመህ አታውቅም፣ በዚህ ዕድሜህ ማንም እንዲያስፈርምህ አልፈልግም።

ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከከበደህ በእኛ አሳብብ። «ልጆቼ ሳያዩት አልገዛም፣ እነሱ ናቸው የከለከሉኝ» በለው። ክፉዎቹ እኛ እንሁን፣ ግድ የለንም። «ትልቅ ሰው ሆነው ቃልዎን ያጥፋሉ?» ካለህ ቃል እንዳልሰጠኸው ንገረው። «አስብበታለሁ» ማለት ቃል መስጠት አይደለም። ከዚያ በላይ ማብራሪያ የለብህም። ቤት ከመጣ ደግሞ እማዬ «እሳቸው የሉም» ማለት አይሆንላትም፣ አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆመህ «ልጄ ቅዳሜ ይመጣል፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብለህ ሸኘው። ወደ ውስጥ ግባ አትበለው።

ቅዳሜ በጠዋት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። እሑድ ማለዳ አብረን ሄደን ኮፈኑን እንዳስሳለን። እስከዚያ ከተሸጠ ይሸጥ፣ ሌላ እንፈልጋለን፤ መኪና ሞልቷል። የሞባይል ባንኪንግህን ሚስጥር ቁጥር ለማንም እንዳትነግር፣ «ላግዝዎት» ብሎ ስልክህን የሚቀበልህም ካለ አትስጠው። ሊብሬውን ግን ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ዛሬ ይላክልኝ፣ እዚህ የማማክረው ሰው አለ።

እማዬን ሳምልኝ። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውሰድ።

የሚወድህ ልጅህ