ስለ ልጆቹ ከተጻፈ ጥናቱም ይነበብ

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ስለሚያሳድጓቸው ልጆች ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ልጆቹ «አእምሯቸው ይጎዳል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ማስረጃ ግን አላመጣም። ስለ ጋብቻው አገራችን ያላት አቋም የታወቀ ነው፣ እሱን አላነሳም። የማወራው ስለ ልጆቹ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጠራቀሙ ጥናቶችን አይቶ ባወጣው መግለጫ፣ ከወላጆቹ ጾታ ይልቅ የልጁን ደህንነት የሚወስነው ከእነሱ ጋር ያለው ግንኙነት፣ የቤቱ መረጋጋትና ቤተሰቡ የሚያገኘው ድጋፍ ነው ብሏል።

ይህ ለእኛ ለወሎ ሰዎች ሩቅ ነገር አይደለም። እናት ዓረብ አገር፣ አባት የት እንዳለ አይታወቅ፣ ልጅ በአያትና በአክስት እጅ የሚያድግበት ቤት ስንት ነው? ጉዳዩ አንድ ነው አላልኩም፤ ልጅ የሚፈልገው ግን ያው ነው። ደሴ ያስተማርኳትን አንዲት ልጅ አያቷ በየጠዋቱ ከሸዋበር እጇን ይዘው ያመጧት ነበር፣ ደብተሮቿ በጋዜጣ ተለብደው፣ ፀጉሯ ተሠርቶ። ጎበዝ ነበረች። ያስለቀሳት አያቷ ጋ ማደጓ ሳይሆን ልጆቹ «አባትሽ ማነው?» እያሉ መሳቃቸው ነው። እኛም አስተማሪዎቹ ቶሎ አልደረስንላትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የልጆች እድገት ባለሙያ ጋብዙና ጥናቶቹን ከነጉድለታቸው ያስረዳን። ወላጆቻቸው በስደት ላሉ ልጆችም ቋሚ ዓምድ ክፈቱ፤ አሳዳጊዎቹ አያቶች ራሳቸው ይናገሩበት።

አንድ መምህር፣ ከደሴ