ዲስኩ ራሱ ይፈተሻል ብላችሁ የፈረማችሁት ቃል የት ደረሰ?

ለ፦ የሒሳብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላቀረበልን ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዲ ድራይቭ (መዝገባችን ያለበት የዲስክ ክፍል) በሚቀጥለው ሪስታርት እንዲፈተሽ ፕሮግራማችሁ ምልክት ያደርጋል የተባለው ስላልተፈጸመ

ጤና ይስጥልኝ።

የውል ቁጥራችን፣ የሱቃችን አድራሻና የከፈልነው ገንዘብ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። በስልክም በቴሌግራምም ያልኳችሁ ሁሉ እናንተ ጋ አለ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቃልና ስለ አንድ የስልክ ንግግር ነው።

ቃሉን የሰጣችሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሱቃችን ውስጥ ነው። መብራት በድንገት ጠፍቶ የሱፍ ቀብድ መዝገባችን አልከፈት ብሎ ነበር። ባለሙያችሁ መጣ፣ ዲስኩን ፈተሸ፣ መዝገቡም ተከፈተ። ከዚያ ቡና እየጠጣ፣ ሠራተኞቼ ሁሉ እየሰሙ፣ እንዲህ አለ፦ «ከሚቀጥለው ማሻሻያ በኋላ ይሄ ሐሳብ አይሁንባችሁ። ፕሮግራሙ ሲከፈት በአግባቡ ተዘግቶ እንደነበር ያያል። በድንገት ተቋርጦ ከሆነ ዲ ድራይቭ ላይ ራሱ ምልክት ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ማንም ሳይነካው ይፈተሻል።» በጽሑፍ አድርግልኝ አልኩት። በሥራ ማጠናቀቂያ ቅጹ ላይ በእጁ ጽፎ ፈረመ። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ማሻሻያው መጣ። ከፈልን። ተጫነ።

ባለፈው የገበያ ቀን መብራት እልም አለ። እናንተው የሸጣችሁልን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይሰጣል የተባለው ባትሪ፣ ፕሮግራሙን ለመዝጋት እንኳ ፋታ አልሰጠንም። ስለ ዩፒኤሱ ከዚህ በፊት አመልክቻለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሳ። ዲስኩን ሳይፈትሽ ቀጥታ ገባ። ፕሮግራማችሁን ስንከፍት የበርኖስና የባና ገጹ ባዶ ነው። ሪስታርትም አደረግነው፤ ያው ነው።

ከመንዝ የመጡ ሴቶች ባንኮኒው ፊት ቆመዋል። ማን ስንት ቀብድ እንደወሰደች፣ ማን ስንት ቀሪ እንዳላት የሚያሳየው ያ ገጽ ብቻ ነው። በጣርማበር አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚመለሰው መኪና ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ለከፊሎቹ በእምነት ከፈልኩ። ሌሎቹ ሒሳባቸውን ሳይቀበሉ ተመለሱ። ሱፍ ስትፈትል የከረመችን እናት ባዶ እጇን መሸኘት ምን ያህል እንደሚያሳፍር እናንተ ቢሮ ሆናችሁ አይታያችሁም።

ደወልኩላችሁ። ሙዚቃውን ብዙ ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ባለሙያ አነሳ። ዲስኩ ለምን አልተፈተሸም ብዬ ጠየቅኩ። «ሻት ዳውን አድርገው ያብሩት፣ ይፈተሻል» አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ አጥፍቼ አበራሁት። ምንም የለም። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው አላጠፉትም» አለኝ። አጥፍቼዋለሁ አልኩት። «ስክሪኑን ነው ያጠፉት» አለኝ። የዚህን ሱቅ ሒሳብ ከባሕር መዝገብ ዘመን ጀምሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ስክሪንና ኮምፒውተር ለይቼ አውቃለሁ። ይህንንም በትሕትና ነገርኩት። መልሱ ይህ ነበር፦ «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ነገር አይደለም። እዚያ ወጣት ሰው የለም? እሱን ያቅርቡልኝ።»

በዕድሜዬ እማማ መባሌ አይከፋኝም። የከፋኝ የተከተለው ነው። ፕሮግራሙ ምልክት ያደርጋል ተብሎ ተፈርሞልኛል ስለው «ዲስክ መፈተሽ የዊንዶውስ ሥራ ነው፤ ከፕሮግራም ውስጥ ምልክት የሚደረግበት መንገድ የለም፤ የነገረዎት ሰው ተሳስቷል» አለኝ። የፈረመው የራሳችሁ ሰው ነው እያልኩ ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል የሚያነሳ ጠፋ።

ወጣት ያቅርቡ ተብያለሁና አቀረብኩ። የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። አብረን ተቀምጠን አየነው። ያየነውን አንድ በአንድ ጽፌ ይዣለሁ።

መንገድ የለም ያላችሁት ነገር ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም ያለ ነው። ቼክዲስክ የሚባለው መፈተሻ፣ ድራይቩ ሥራ ላይ ሆኖ ካገኘው፣ «ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ልፈትሸው?» ብሎ ይጠይቃል። ኤፍኤስዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ «ደርቲ ሴት» ሲባል ድራይቩ ላይ ይፈተሽ የሚለውን ምልክት በቀጥታ ያደርጋል። ፕሮግራሞች ዊንዶውስን በሚያዙበት በደብሊውኤምአይ በኩልም ለዚሁ የተዘጋጀ ጥሪ አለ። የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም እነዚህን ሁሉ መጠቀም ይችላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ሌላው ፕሮግራም ገና ፋይል ሳይከፍት፣ አውቶቼክ የሚባለው ቀድሞ ይፈትሻል። ሪስታርት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ዳታቤዛችሁ ዲ ድራይቭን ቀኑን ሙሉ እንደያዘው ነውና።

የሻት ዳውኑ ምክርም የተሳሳተ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። የእኛም ኮምፒውተር ላይ በርቷል። እሱ ከበራ ሻት ዳውን ማድረግ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም። ሲስተሙ ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሲበራም እሱኑ ያነሳል። ስለዚህ አውቶቼክ ተራ አያገኝም። ሙሉ መነሳት የሚመጣው በሪስታርት ነው። እኔ ያዘዘኝን በትክክል አድርጌያለሁ። ያላወቀው እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ በዚያው በኤፍኤስዩቲል ዲ ድራይቭን «ደርቲ ኩዌሪ» ብሎ፣ ምልክት አለበት ወይ ሲል ጠየቀው። መልሱ ምልክት አለበት የሚል ነው! ዊንዶውስ ራሱ ችግሩን አይቶ ምልክት አድርጓል። ታዲያ ለምን አልተፈተሸም? የዊንዶውስ ቅንብር በሚቀመጥበት ሬጅስትሪ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው በሚዘረዘርበት ቡት ኤክስኪውት በሚባለው ቦታ፣ ዲ ድራይቭ እንዳይፈተሽ ተብሎ ተገልሏል። ይህን የሚያደርገው ቼክኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ትእዛዝ ስላሽ ኤክስ ሲጨመርበት ነው። የዚህን ትእዛዝ መስመር ያገኘነው እናንተ በጫናችሁት ማሻሻያ የመጫኛ ፋይል ውስጥ ነው። ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ። እንግዲህ ይፈተሻል ብላችሁ ፈርማችሁ፣ ገንዘብ ተቀብላችሁ፣ በዚያው ማሻሻያ መፈተሹን አጠፋችሁት። ዘበኛ ቀጥራችሁልን ማታ ማታ ከግቢ እንደማስወጣት ነው። ምናልባት ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ብላችሁ ይሆናል። ማን ፈቀደላችሁ?

የእህቴ ልጅ ወደ ነበረበት መልሶ ሪስታርት ሲያደርገው ተፈተሸ። ውጤቱ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ በሚያሳይበት ኢቨንት ቪውወር ውስጥ በዊንኢኒት ስም፣ በቁጥር 1001 ተመዝግቧል። ገጹም ተከፈተ። የዚያን ቀን ጠዋት የገባው ሒሳብ ግን አልተገኘም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ያንን የማግለያ መስመር ከመጫኛችሁ አውጡ። ለእኛ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራማችሁን ለገዛ ሁሉ። ቃል የገባችሁትንም ምልክት ሥሩት። ሲሠራም በደንብ ይሠራ። ቼክኤንቲኤፍኤስን ስላሽ ሲ ብላችሁ ብቻ እንዳትተዉት። እሱ የሚፈትሸው ድራይቩ ቀድሞ ምልክት ካለበት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ ደግሞ የራሱን ሥራ መዝግቦ ስለሚይዝ መብራት በጠፋ ቁጥር ምልክት አያደርግም። በድንገት መቋረጡን የሚያውቀው ፕሮግራማችሁ ነውና ምልክቱን እሱ ያድርግ። በየማለዳው ግን አይሁን። ኤፍኤስዩቲል ያደረገውን ምልክት መልሶ አያነሳም፤ የሚነሳው ሲፈተሽ ነው። በገበያ ቀን ጠዋት ፍተሻ እስኪያልቅ ቆመን መዋል አንችልም። ምልክት ሲደረግ በአማርኛ «ዲስኩ ይፈተሻል፣ ማታ ሪስታርት አድርጉ» የሚል መልእክት ይውጣ። ፍተሻ የጠፋ ሒሳብ እንደማይመልስም አውቃለሁ። ስለዚህ ከዓመት በፊት የጠየቅኩት የየዕለቱ ባክአፕ አብሮ ይሠራ።

ከተነሳ አይቀር፣ ደረሰኛችን ላይ ያለው ቀን እስካሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይስተካከላል ተብሎ ነበር። ሙሉ ቀን የተባለው ሥልጠና ከምሳ በፊት አልቆ ባለሙያው ወደ ሸዋ ሮቢት ሄዷል፤ የመኪናው ሙሉ ሒሳብ ግን ከእኛ ነው የተቀበላችሁት። ያኔ ዝም ያልኩት ሥራችሁ ይሻሻላል ብዬ ነው።

በ15 ቀን ውስጥ ፊርማና ማኅተም ያለው የጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ። በስልክ የሚነገረኝን ከእንግዲህ አልቀበልም። ካልመጣ የማሻሻያውን ክፍያና የዓመቱን የጥገና ክፍያ ትመልሱልኛላችሁ። ውሉንም አቋርጣለሁ። የሱቃችን መረጃ በሙሉ በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል መልክ ይሰጠኝ። ስልኩን የዘጋብኝ ባለሙያም ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው እንዲደውል አልፈልግም።

ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው። ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የበርኖስና የባና መሸጫ ሱቅ ባለቤት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ

አባሪ፦ የተፈረመው የሥራ ማጠናቀቂያ ቅጽ ቅጂ፣ የመጫኛ ፋይሉ ፎቶ፣ የፍተሻው ውጤት
ግልባጭ፦ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ