የእንቅልፍ ኪኒን ከመጠየቅ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አዳማ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ባለሙያነት ስሠራ ያለ ሐኪም ማዘዣ አዘውትረው ከሚጠይቁኝ መድኃኒቶች አንዱ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አይደሉም፤ በጊዜ ተኝተው ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነቁና እስኪነጋ የሚገላበጡ ናቸው። የጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ጉዳዩን ሰፋ አድርጎ እንዲመለከተው ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ሌሊት መንቃት በራሱ በሽታ አይደለም። እንቅልፍ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ገደማ በሚወስዱ ዙሮች ስለሚሄድ ጤነኛ ሰውም በመሐሉ ለአፍታ ይነቃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እንቅልፉ ይሳሳል። ለሰዓታት ጸሎት ወይም ለተሐጁድ ሶላት በፈቃዱ የሚነሣ ሰውማ ከእኛ ዘንድ የሚሻው ነገር የለም። ነገሩ የሚበላሸው የነቃው ሰው ስልኩን አንሥቶ ሰዓት ሲያይ፣ ለመንጋት የቀረውን ሲያሰላና በዚያው ቲክቶክ ውስጥ ሲገባ ነው። 20 ደቂቃ ያህል (በግምት እንጂ ሰዓት እያዩ አይደለም) ጠብቆ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ወርዶ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር መሥራትና ዐይን ሲከብድ መመለስ ይሻላል፤ አልጋ ላይ እየተብሰለሰሉ መቆየት አእምሮን አልጋ ሲያይ መጨነቅ ያስለምደዋልና። ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ ጠዋት የመነሻ ሰዓትን አለመለወጥም ይረዳል።

በከተማችን ሙቀቱ፣ ትንኙና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ድምፅ ድርሻ አላቸው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው ቡናውን ነው። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲተኛ ግማሹን ይዞት ይተኛል። ጫትም አነቃቂ ነው፤ ምርቃናውን በጨብሲ ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ቶሎ ቢያስተኛም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል።

ኪኒኑ የሚሸፍነው ሌላ በሽታ ሊኖር እንደሚችል ግን ብዙዎች አያስቡም። ባለፈው ክረምት በጉሊት ንግድ የሚተዳደሩ እናት ባዶ የዲያዜፓም ማሸጊያ ይዘው መጡና፣ «የኔ ልጅ፣ ጎረቤቴ የሰጠችኝ ይህንን ነው፤ ጥሩ አድርጎ አስተኝቶኝ ነበር» አሉኝ። ምን እንደሚቀሰቅሳቸው ስጠይቃቸው፣ «ሽንት ነዋ! አራት ጊዜ እነሣለሁ፤ ውኃ ጥሙም አላስቀምጥ ብሎኛል» አሉ። መደረግ የነበረበት የስኳር ምርመራ ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። በእርሳቸው ዕድሜ ዲያዜፓም ውጦ በጨለማ ደጅ ወዳለው መጸዳጃ መውጣት ወድቆ ለመሰበር እንደሚዳርግም ነገርኋቸው። በወንዶች ዘንድ ተመሳሳይ መመላለስ ከፕሮስቴት ማበጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ማታ የሚወስዱም ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየነቃ፣ ቀን በሥራው እየተቸገረ 3 ወር የሞላው ሰው ሕክምና ሊፈልግ ይገባል። ሦስት ወር የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥና እየታፈነ የሚነቃ፣ በተለይ መሪ ላይ እንቅልፍ የሚጥለው ሾፌር፣ ቶሎ መመርመር አለበት። ሲጋደም ትንፋሽ የሚያጥረው የልብ ድካም፣ ልብሱ እስኪርስ እያላበው የሚከሳና የሚያስል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል። ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ ሆዱ የሚባባ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው ድብርት ይዞት ሊሆን ስለሚችል «አይዞህ» ብቻ ብሎ መተው አይገባም፤ ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚናገር ከሆነ ነገ ሳይባል፣ ብቻውንም ሳይተዉት፣ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ለቆየ የእንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የሚመከረው ሕክምና ከባለሙያ ጋር በመነጋገር አስተሳሰብንና የመኝታ ልማድን ማስተካከል ነው፤ እኛ በመደርደሪያ የምንሸጠው ነገር አይደለም። ስለዚህ ዓምዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋብዞ ይህ ሕክምና እንዴት እንደሚሰጥ ቢያስረዳልን እላለሁ። ዲያዜፓምን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎችም ስላሉ፣ በአንዴ ማቋረጡ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ እስከማምጣት ሊያደርስ የሚችል በመሆኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ የሚቀንሱበት መንገድ አብሮ ቢብራራ፣ በየቀኑ መስኮቴ ላይ ለሚቆሙት ደንበኞቼ ቆርጬ የምሰጠው ጽሑፍ ይሆነኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዳማ